«ዶክተሩ ካለ እሺ ነው»

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? 26 ዓመቴ ነው። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ እሠራለሁ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ክትትሏም ሆስፒታል ነው። ባለፈው ቀጠሮዋ አንዲት ነርስ ‹የመድኃኒት ጥናት አለ፣ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ይሳተፋሉ?› አለቻት። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ‹ዶክተሩ ካለ እሺ ነው› ብላ መጣች። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ለፊርማ ተቀጥራለች። ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ነው የምታሳርፈው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ‹ደሟን ቀድተው ሊሸጡት ነው፣ መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ብር ይከፍላሉ፣ እኔንም አስመዝግበኝ› እያለ ይነዘንዘኛል። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ሌላም ነገር አለ። አምና ስለ ጫትና መጠጥ ጥናት ብለው የባጃጅ ተራችን ድረስ መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ጠያቂዋ የእህቴ ጓደኛ ሆና አረፈችው! ‹ቅሜም ጠጥቼም አላውቅም› አልኳት። ውሸቴን ነው። ይህ ያስጠይቀኛል? ለእናቴስ ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ ከእናትህ «እሺ» ልጀምር።

በእኛ አገር እሺ ብዙ ሥራ አለባት። ሰማሁህ ማለት ናት። አትቆጣ ማለት ናት። አሁን ሂድልኝ ማለትም ናት። አንዳንዴ ደግሞ እውነትም ተስማማሁ ማለት ናት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት ስትባል የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ይቸግራል። እናትህ ስንት ዘመን መድኃኒት የሰጣቸውን ሰው «ቆይ፣ ላስብበት» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ከሥሩም ሌላ ፍርሃት ይኖራል፤ «እምቢ ብል በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊት ይነሱኛል» የሚል።

ይህን የምልህ ዳር ቆሜ አይደለም። ወጣት ሳለሁ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የማን ጥናት እንደነበር ይቅር። በቀን ይህን ያህል ቤት ጨርሺ ተብዬ ገጠር ለገጠር እዞር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና እየተቆላ ነበር። ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ የስምምነቱን ወረቀት እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። «ይስማማሉ?» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ጻፊ። ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ስንት ልጅ ወለዱ? ስንቱ በሕይወት አለ? በስንት ዓመቱ ሞተ? ሦስተኛው ልጅ ላይ ስንደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ሁሉ ካለቀ በኋላ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። «ታዲያ ስንዴው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ ስለ ስንዴ አንዲት ቃል አልነበረችም። ግን እዚያ አገር እስክሪብቶ ይዞ ቤተሰብ የሚቆጥር ሰው የሚመጣው ለርዳታ ነበር። እሳቸው የተስማሙት በስንዴ ነው። እኔ ቅጹ ላይ «በጥናቱ ለመሳተፍ ተስማምተዋል» ብዬ ሞላሁ። ማታ ለአስተባባሪው ብነግረው «ቅጹ ተሞልቷል አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን አልወደውም።

እናትህ ስንዴ ይጠብቁ እንደሆነ ማወቅ የአንተ ሥራ ነው። ማክሰኞ ሳይደርስ አንድ ቀን ቡና ላይ አጫውታቸው። «ምን ሊያጠኑ ነው ያሉሽ?» በላቸው። በራሳቸው አፍ ይንገሩህ። «የተሻለ ሕክምና ሊሰጡኝ ነው» ካሉ ነገሩ ገና አልገባቸውም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። በዓለም ሁሉ ታማሚዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ሲያክምህ ለአንተ ይበጃል ያለውን ይመርጥልሃል። ሲያጠና ግን መልሱን ለማያውቀው ጥያቄ መልስ እየፈለገ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮማ ጥናት ምን ይሠራለት?

ስለዚህ በብዙ የመድኃኒት ጥናት ምርጫው በዕጣ ነው። እንደ ዕቁብ ዕጣ አስበው። አንዱ ታማሚ አዲሱን ያገኛል፤ ሌላው የነበረውን ይቀጥላል። አንዳንዴ የትኛው ለማን እንደደረሰ ታማሚውም የሚያየው ሐኪምም አያውቁም። ይህን የሚያደርጉት ለተንኮል አይደለም። አዲሱን መድኃኒት የወሰደ ሰው በደስታ ብቻ «ተሻለኝ» ሊል ይችላል። ሐኪሙም ተስፋ ስላደረገ የተሻለ መስሎ ሊታየው ይችላል። አንዳንድ ጥናት ላይ ፕላሴቦ የሚሉት፣ መልኩ እንክብል ሆኖ ውስጡ መድኃኒት የሌለበት ነገርም አለ። ለስኳር በሽተኛ ግን የሚሠራ መድኃኒት እያለ ባዶ እንክብል ብቻ ሰጥቶ መተው አይገባም። «የያዝኩት መድኃኒት ይቋረጣል ወይ?» የሚለው የእናትህ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሁን።

አሁን ወደ አክስትህ ልምጣ። አትሳቅባቸው። ፍርሃታቸው ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ጤና ሰዎች ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ይከታተሉ ነበር። የሚከታተሉት ለማከም አልነበረም፤ በሽታው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ እንደሆነ ከታወቀ በኋላም አልሰጧቸውም። «ለመጥፎ ደም እናክማችኋለን» ነበር የሚሏቸው። እነዚያ ሰዎችም እኮ እሺ ብለዋል። ነፃ ምሳ፣ ነፃ ምርመራ፣ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ተሰጥቷቸው ነው እሺ ያሉት። ከእንዲህ ያለው በደልና ከናዚ ሐኪሞች ወንጀል የተነሣ ነው ዛሬ ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሉ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት ያለበት። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሰው ላይ ለሚሠራ ጥናት ሥነ ምግባር የሆነውን የሄልሲንኪን መግለጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እኛም አገር ደንቡ አለ። መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ከሆነ ደግሞ ከኮሚቴው በተጨማሪ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። «የፈቃድ ደብዳቤው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ካለ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ስለ ደሙ ግን አክስትህ ተሳስተዋል። ለምርመራ የሚቀዳው በአንድ ብልቃጥ አምስት ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በለው። ደም ባንክ ሄዶ የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ያም በሁለት ወር ምናምን ውስጥ ይተካል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደም ለሌላ ሰው የሚሰጥም አይደለም። ቢሆንም የአክስትህን ጥያቄ ቀይረህ ጠይቀው፤ በጣም ጥሩ ጥያቄ ይሆናል። በስድስት ወር ስንት ጊዜ ነው የሚቀዳው? የተረፈው ደም ይደፋል ወይስ ይቀመጣል? ወደ ውጭ አገር ይላካል? ለሌላ ጥናት ይውላል? ናሙና ከአገር ሲወጣ ስምምነትና ፈቃድ ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ላይም መጻፍ አለበት። እናትህ «ለዚህኛው እሺ፣ ለተቀማጩ እምቢ» ማለት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

«መሞከሪያ» የሚለውንም ልንካው። ቃሉ ይከብዳል፣ ግን ሐሰት አይደለም። የዛሬው መድኃኒት ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው ላይ ተሞክሯል። ሩቅ አትሂድ። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ የጎንደር ጎረምሳ ካላዛር ይዞት ሲመለስ አይተህ ይሆናል። ሆዱ በጣፊያ ተነፍቶ፣ እጅና እግሩ ጭራሮ አክሎ። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ሕክምናው ደግሞ በየቀኑ ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን ነበር። መርፌው እንዴት እንደሚያም የተወጋውን ጠይቀው። አንዱን መርፌ በሚዋጥ እንክብል ተክቶ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ ተጠና። ጎንደርም አንዷ ቦታ ነበረች። 439 ታማሚ ተሳተፈ። በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው ከ90 በላዩ ዳነ። አዲሱ ከአሮጌው በልጦ አይደለም፤ እኩል አዳነ፣ አንድ መርፌም በየቀኑ ቀነሰ። ያንን ያወቅነው እነዚያ ሰዎች በዚያ ሕመም ላይ ሆነው ዕጣ ውስጥ ስለገቡ ነው። ከእነሱ መሐል አሮጌው የደረሰው ሰው ለራሱ ያገኘው አዲስ ነገር አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጥቅሙ ከሚሳተፈው ይልቅ ከኋላው ለሚመጣው ይደርሳል።

ጎንደር ደግሞ ከዚህ ነገር ጋር ትውውቋ የቆየ ነው። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ደምቢያን ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ ነው። ዳባት ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እየተባለ ቤት ለቤት ይመዘገባል። በዚህ ላይ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው ተማሪ አለ። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቶ መጠይቅ ያልቀረበለት ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ አብረሃቸው ሂድ። የአንድ ጠዋት ገቢ ይቅርብህ። ይህን የምልህ ለአጀብ አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ከጥናቱ ወገን ያልሆነ ምስክር አብሮ ሰምቶ መፈረም አለበት። ያ ምስክር አንተ ልትሆን ትችላለህ። ስለዚህ ወረቀቱ በደንብ ይነበብ። እንደ እኔ ዳዊት የሚደግም ካጋጠመህ «እህቴ፣ ቀስ በይ» በላት። ያልገባህ የሕክምና ቃል ካለ አስቁም። «ማክሰኞ ካልፈረሙ ያመልጥዎታል» ከተባለ እንኳ ወረቀቱን ይዘህ ወደ ቤት ተመለስ። ስድስት ወር የሚቆይ ነገር አንድ ቀን ቢያድር ምን ይሆናል?

አንድ ነገር ከነርሷ አፍ፣ እናትህ እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ እንዲነገር አድርግ። «እምቢ ቢሉም፣ ከጀመሩ በኋላ ቢተዉም፣ የተለመደው ሕክምናዎ አይጓደልም» የሚለውን። ወረቀቱ ላይ መጻፉ አይቀርም። እናትህ ግን ወረቀት አያነቡም፤ የሰው ፊት ነው የሚያነቡት። ሲነገራቸው ፊታቸውን እይ። ትከሻቸው ቀለል ካለው፣ ያኔ «ታዲያ ምን ትያለሽ?» በላቸው። የዚያን ጊዜዋ እሺ ትለያለች። እምቢም ልትመጣ ትችላለች። ከመጣች ለነርሷ እንደ ይቅርታ አትንገርላቸው፤ የሚያስቀይም ነገር የለውም።

መተው ከፈለጉ ምክንያት ማቅረብ የለባቸውም። ግን ሳይናገሩ መድኃኒቱን ጣል አያድርጉት። ስኳር ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የጾሙንም ነገር አስቀድማችሁ አውሩ። እናትህ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በዚያ 55 ቀን ውስጥ የመድኃኒቱ ሰዓት ይዛባል፣ ስኳራቸውም ድንገት ሊወርድ ይችላል። ብዙ እናቶች ይህን ለሐኪም አይናገሩም። «አትጹሚ ይለኛል» ብለው ይደብቁታል። ጠበል የሚጠጡ፣ የአገር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም እንዲሁ። ይናገሩ። የሚቆጣቸው የለም፤ ቢቆጣም ከመውደቅ ይሻላል። ቀጠሮው ላይ መንገድ የተዘጋ ዕለት ምን እንደሚደረግ፣ መድኃኒቱ ለስንት ቀን ትርፍ ተደርጎ እንደሚሰጥም ጠይቅ። አገራችን ያለበትን አንተ መንገድ ላይ የምትውለው ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስባቸው ማን ያሳክማቸዋል? አዲሱ መድኃኒት ቢስማማቸው ከስድስት ወር በኋላ ማን ይሰጣቸዋል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ ግን እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው።

ጓደኛህን አደብ ግዛ በለው። የሚሰጠው የትራንስፖርት፣ ምናልባትም የምሳና የጠፋ ጊዜ ማካካሻ ነው። ደመወዝ አይደለም። ደግሞም የስኳር ጥናት ስኳር የሌለበትን ሰው ባብዛኛው አይቀበልም። በጣም ብዙ ብር ቃል የሚገባ ሰው ካጋጠመው ይሽሽ። መመዝገቢያ ክፈል የሚለው ካጋጠመው ደግሞ ያ ጥናት ሳይሆን ሌብነት ነው። ለብሩ ብሎ በሽታውን የሚደብቅ ወይም የሌለበትን አለብኝ የሚል ሰው በራሱ ሕይወት ይጫወታል።

አሁን የአንተ ውሸት። ማንም አይጠይቅህም። በደንቡ ከተሠራ ቅጹ ላይ ያለው ስምህ ሳይሆን መለያ ቁጥር ነው። ነገር ግን እስቲ አስበው። የእህትህ ጓደኛ በዚያ ቀን ተራው ላይ የነበረውን ሁሉ ጠይቃለች እንበል። ሁሉም እንደ አንተ «በዞረበት አልዞርም» ብሏል። ሪፖርቱ ሲወጣ የአዘዞ ባለ ባጃጅ ከገዳም መነኩሴ የጠራ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ሱስ ለያዘው ልጅ የማማከር አገልግሎት ልክፈት የሚል ማን ይመጣል?

ጥፋቱ ሁሉ ግን የአንተ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያውቅህ ሰው፣ ያውም ጓደኞችህ ጆሮ ሥር ሊጠይቅህ አይገባም ነበር። አዘጋጆቹ ሊያስቡበት ይገባ ነበር። ለሌላ ጊዜ ግን ከውሸት የሚሻል መውጫ አለህ። «ይህን ጥያቄ እለፊው» ማለት ትችላለህ። «ሌላ ሰው ይጠይቀኝ» ማለት ትችላለህ። «ዘወር ብለን እናውራ» ማለትም ትችላለህ። መሐል ላይ ተነሥተህ መሄድም መብትህ ነው። የባሕርይ ጥናት መርፌ የለውም ብለህ አትናቀው። ስለ መጠጥ፣ ስለ ወሲብ፣ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃል። አንዳንዱ ጥያቄ የዳነ ቁስል ይነካካል። ያኔ የጠየቅኋቸው እናት ሦስተኛው ልጃቸው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶዬን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ያኔ የተሰጠህ የመረጃ ወረቀት ካለ ከታች ስልክ አለው። ደውለህ «መልሴ ትክክል አልነበረም» ብትላቸው ያመሰግኑሃል። ካሳፈረህ ተወው፤ በዚህ እንቅልፍ አትጣ። የምትቅመው እንቅልፍ እየነሣህ ከሆነ ግን ያ ሌላ ደብዳቤ ነው። ጻፍልኝ።

ማክሰኞ ከፈረሙ የወረቀቱን አንድ ቅጂ ተቀበል። የእናትህ ነው። ከክትትል ካርዳቸው ጋር በዚያችው ፌስታል ውስጥ አስቀምጥላቸው። ስልክ ቁጥሩን ከጀርባው በትልቁ ጻፈው፤ አክስትህም እንዲያዩት።